የጋሽ አዝመራው ወረራ

የአዊ ዞንን የቼዝ ውድድር ያሸነፈ ለክልሉ ሻምፒዮና ባሕር ዳር ይሄዳል። የዳንግላዋ እንቁ ይህን ዕድል አጥብቃ ፈልጋዋለች። አራት ወር ሙሉ አንድ የጨዋታ አከፋፈት በስልኳ ስታጠና ከርማለች፤ ወታደሯ፣ ፈረሷ፣ ጳጳሷ በስንተኛው ተራ እንደሚወጡ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ ብትጠየቅ አትስትም።

ምን ዋጋ አለው! እንጅባራ ላይ ለፍጻሜ የገጠሟት የአዲስ ቅዳሙ ጋሽ አዝመራው ናቸው። የመጀመሪያ ወታደሯን ገፍታ ሰዓቱን ሳትጫን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ሦስት ወታደርና ሁለት ፈረስ አውጥተው አሰለፉ።

«ጋሽ አዝመራው፣ ተራ በተራ ነው እኮ!»

«ደም ሳይፈስ ምን ተራ አለ ልጄ? አባቴ ያስተማረኝ ያገራችን ሰንጠረዥ እንዲህ ነው። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ወረራ ነው፤ ሁሉም እንደ ፍጥነቱ ያሰልፋል። አንቺም ቶሎ ቶሎ በያ!»

እንቁ ጦፈች። ዳኛው መምህር ደረሰ መጥቶ ጠጠሮቹን መለሰና አስጠነቀቃቸው። «እሺ፣ እሺ» አሉ። እሱ ዞር ከማለቱ ደግሞ አምስት ጠጠር ወጣ።

«ሁለተኛ ጥፋት ነው። ካመለከትሽ ጨዋታው ያንቺ ነው» አላት ደረሰ ጎንበስ ብሎ። አፉ ይህን ይበል እንጂ ዐይኑ ይለምናት ነበር። ከኋላ ያለው ሰውም «ኧረ ሽማግሌ ናቸው!» እያለ አጉረመረመ። ሰውዬው እስከ ፍጻሜ እንዴት እንደደረሱ ያኔ ገባት፤ ያሸነፏቸው ሁሉ የተሸነፉት በይሉኝታ ነው። እሷ ግን እንደነሱ ሞኝ አይደለችም፤ ታመለክታለች!

«ይቀጥል» አለች።

ራሷ ደነገጠች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የተሰለፈው እንደተሰለፈ ቀረ። የመጀመሪያው ወታደር ከተበላ በኋላ ጋሽ አዝመራው ተራቸውን እንደ ጨዋ ጠበቁ። አሁን ቢጠብቁ ምን ሊረባት? የአራት ወር ጥናቷ ገና መንገድ ሳይጀምር ንጉሧ ተከበበ። ሽማግሌው በሠላሳ ሁለተኛው ተራ አሸነፏት። እንቁ በሳቸውም፣ በደረሰም፣ ከሁሉ በላይ በራሷ ተናዳ ቦርሳዋን አነሣች።

ደረሰ በር ላይ ደረሰባት። «እንቁ፣ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ!»

ልቧ ዘለለ።

«ከጋሽ አዝመራው ጋር። የዚያ ዳኞች እንደኛ አይታገሡም፤ ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ እያሠለጠነ ተራ መጠበቅ የሚያስለምዳቸው ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ ትዕግሥተኛ ነሽ።»

ልትጮህ አፏን ከፈተች። ጋሽ አዝመራው ሜዳሊያቸውን አንጠልጥለው፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ መጡ።

«መቼ ነው የምንሄደው ልጄ?»

ቀኑን በቃሏ ታውቀዋለች።

«ሐሙስ ነው፣ ጋሽ አዝመራው» አለች ጥርሷን ነክሳ።