የተከራዩ ጫማ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እመት አቧራ» ይሏታል። የቅርስ ባለሙያ ናትና፣ አሮጌ ዕቃ ላይ ጨርቅ ይዞ የሚጠጋ ሰው ካየች ዓይኗ ደም ይለብሳል፤ አቧራውም ታሪክ ነው ባይ ናት። እናም እኚያ ስመ ጥር መሪ በተማሪነታቸው የኖሩበት ቤት ሙዚየም ይሁን ተብሎ ሲወሰን፣ ሥራው ለማን ይሰጥ ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። እሷም ብትሆን በደስታ የምትሆነውን አጣች። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው።

ቤቱ ጠባብ፣ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች እማማ ይኖራሉ፤ ላይ ሁለት ክፍሎች አሉ። ድሮ ባላቸው በሞቱ ማግሥት እማማ የውስጠኛውን ክፍል ለአንድ ተማሪ አከራዩት። በውጭኛው ክፍል የሚተኛው የገዛ ልጃቸው ነበር፤ የተከራዩ እኩያ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ፉጨቱ» የሚለው፣ እናቱ ደግሞ «ፉጨቴ» የሚሉት። ተከራዩ ተማረ፣ ተሾመ፣ አገር መራ፣ ሸምግሎ ሞተና በክብር ተቀበረ። ፉጨቱ ግን ትምህርቱን እንኳ ሳይጨርስ ሳንባውን ታሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ዐረፈ።

የፎቁን ቁልፍ ለባለሙያዋ ያስረከበቻት የእማማ ሴት ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ ግን ቀኑን የሚበላው ሆስፒታሉ ነው።

«እናቴ መርሳት ጀምራለች» አለቻት በሩ ላይ ቆማ። «ድስት ጥዳ ትረሳለች። ሰሞኑን የኔን ስም እንኳ ስታው ነበር። ወንድሜን ግን አልረሳችውም። ስለሱ ስታወራ አሁን ከቤት የወጣ ነው የሚመስልሽ። የቀራት እሱ ነው። እንግዲህ አደራ፣ በጥያቄ ነገሩን እንዳታምታቺባት።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ» አለች ባለሙያዋ። «አደራሽን ተቀብያለሁ።»

አደራ ለመቀበል አፍ ምን ይቸግረዋል።

ሥራው ተጀመረ። ግድግዳውን በምላጭ እየፋቀች፣ ቀለሙን ከላይ እንደ ሽንኩርት እየላጠች፣ ከሥር የዚያን ዘመኑን ፈዛዛ አረንጓዴ አገኘችው። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የብረት አልጋ፣ ጠረጴዛና የጠረጴዛ መብራት ለቅማ አመጣች። የመሪው ቤተሰቦች አንድ ኮትና አንድ ብዕር ሰጡ። ውጭኛው ክፍል «የጥናት ክፍል» ተባለ። መሪው በዚያ አልፈው ወደ ራሳቸው ክፍል ይገቡ እንደሆነ እንጂ እዚያ መጽሐፍ ሲገልጡ ያያቸው የለም፤ ግን አንድ ክፍል ብቻውን ሙዚየም አይባልም ተባለ፣ አለቀ።

የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ንጹሕ ነው። ግን ሰው ኖሮበት አያውቅም። ሰውዬው ተማሪ ነበሩ እንጂ ቁም ሣጥን አልነበሩም እኮ። የቤቱን ባለቤት ጠይቂያቸው እንጂ፤ አብረው የኖሩ ሰው ቁጭ ብለው!»

ጠየቀቻቸው።

«ያ ተከራይ ምን ዓይነት ልጅ ነበር፣ እማማ?»

«ጨዋ ነበር» አሉ እማማ። «በር ይዘጋል።»

«ሌላስ?»

«ሲዘጋ ቀስ ብሎ ነው።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

እማማ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አሉና እፎይ አሉ፤ ትልቅ ሸክም ያራገፉ ነው የሚመስሉት።

ከዚህ እንግዲህ ምን ሙዚየም ይወጣል? ባለሙያዋ እጇን አጣጥፋ ቀረች። የመክፈቻው ቀን ደግሞ እየገሠገሠ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የውጭኛውን ክፍል መስኮት ስትጠግን፣ ከመስኮቱ ደፍ በታች፣ ከውጭ በኩል፣ የጎበጠ ሚስማር አገኘች። ለማን ተብሎ እዚህ ተመታ? እማማን እጃቸውን ይዛ ቀስ እያለች ደረጃውን አወጣቻቸውና አሳየቻቸው።

የእማማ ፊት በራ።

«ይሄማ የፉጨቴ ነው» አሉ። «እግሩ ያልበው ነበር። ጫማው ሲሸት ለጉድ ነው! ‹ይህን ጫማ ከቤቴ አውጣልኝ› አልኩት። ‹እናቴ ካለች ይውጣ› አለና ይቺን መትቶ ውጭ ሰቀለው። አንድ ቀን ዝናብ ሞላበት። ባዶ እግሬን ከምሄድ ብሎ እሱኑ አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ ቿቅ ቿቅ ሲል ሰው በሳቅ ሞተ።» እማማም ሳቁ። «ሲመጣ ደግሞ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ያፏጫል። ፉጨቱን ስሰማ ሾርባውን እጥዳለሁ፤ እስኪደርስ ይሞቃል። ከበላ በኋላ እዚህ መስኮት ላይ ቁጭ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ፣ እንዲህ አድርጎ ነው የሚያጠና። ‹ትወድቃለህ› ብለው ማን ይሰማኛል።»

ባለሙያዋ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። ልጁን ያወቀችው መሰላት። ሰይጣን ሹክ ያላትም ያን ጊዜ ነው።

«ተከራዩስ? እሱም ጫማውን እዚህ ይሰቅል ነበር?»

«እንጃ ልጄ። ሊሰቅልም ይችላል።»

«ይሰቅል ነበር ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ምን ከለከለ» አሉ እማማ። እንግዳ ማስከፋት አይወዱም።

ያቺ «ይቻላል» ናት ጉዱን ሁሉ ያመጣችው። ባለሙያዋ ለኃላፊው ስትነግራቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እሷም ሙሉ በሙሉ ኅሊና ቢስ አልነበረችምና፣ «ግን ታሪኩ የልጃቸው ነው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» አሉ ኃላፊው። «እናት እኮ ናቸው፤ ያዩትን መልካም ነገር ሁሉ ለልጃቸው ቢሰጡ አይፈረድባቸውም። የመሪውን አንሥተው ለልጃቸው ሰጥተውት እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

በምን አወቅሽ? ስለ ጫማው ሽታ ሲያወሩ አፍንጫቸውን እንዴት እንደያዙ አይታለች። የማንን እግር እንደሚያስታውሱ ልቧ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ግን የኃላፊው ነገር ጣፈጣትና ዋጠችው።

ከዚያ ድምፅ መቅዳት መጣ። ጎብኚ ሁሉ የእማማን ድምፅ ከግድግዳው እንዲሰማ ነበር የታሰበው። ድምፅ ቀራጩ ማይክራፎኑን ዘረጋ።

«ፉጨቴ ጫማውን…» ብለው ጀመሩ እማማ።

«ቁም» አለች ባለሙያዋ። «እማማ፣ ፉጨቴ አይበሉ። ‹ተከራዩ› ይበሉ።»

«እሺ። ተከራዩ… ያ ፉጨቴ…» እማማ በራሳቸው ሳቁ። «አፌ ለምዶ ነው፤ አትቆጪኝ።»

አልተቆጣችም። ከመቆጣት የባሰ ነገር ነው ያደረገችው፤ አስጠናቻቸው። ነርሷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ብርቱካን እየያዘች ትመጣና፣ እየላጠች፣ እያጎረሰች፣ ጫማውን ማን ነበር የሚሰቅለው፣ ማን ነበር የሚያፏጨው ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን «ፉጨቴ» ይላሉ። «አይደለም» ትላለች፣ በፈገግታ። ኋላ ኋላ እማማ ወዲያው መመለስ ተዉ፤ መልሱን ከፊቷ ላይ ለማንበብ ትክ ብለው ያዩዋታል። ከዚያ «ተከራዩ» ይላሉ። «ጎበዝ» ትላቸዋለች። እማማ ደስ ይላቸዋል፤ መርሳታቸውን ስለሚያውቁ፣ አንድ ነገር በትክክል መለሱ መባሉ ብርቅ ሆኖባቸው ነው።

አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ብርቱካናቸውን እየበሉ፣ «ያ ተከራይ እኮ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ነው የሚያፏጨው፤ ሾርባውን እጥድለት ነበር» አሉ።

ባለሙያዋ ልቧ ድንግጥ አለ። አባባላቸው የተጠና አይመስልም፤ የሚያዩትን ነው የሚያወሩት። የዚያን ቀን ብታቆም ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ ይመለስ ነበር ይሆናል። ግን የጥሪ ወረቀቱ ታትሟል፣ ትልልቁ ሰው ተጠርቷል። መክፈቻው ይለፍ እንጂ ቁጭ ብዬ አስተካክልላቸዋለሁ አለች ለራሷ። ነገ አስተካክለዋለሁ ተብሎ የተስተካከለ ነገር አለ? ድምፁም ተቀዳ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ አንዲት ስሕተት ሳይገኝበት።

መክፈቻው አማረ። ሰው ግጥም አለ። ኮቱንም ብዕሩንም ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ሁሉም የሚተራመሰው መስኮቱ ጋ፣ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጫማ ፎቶ ለማንሣት ነው። ጫማውን ባለሙያዋ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው የገዛችው። የእማማ ድምፅ ከግድግዳው ይሰማል፣ ሰው ይስቃል። ኃላፊው ባለሙያዋን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እሷ ግን የሰው ሳቅ በሰማች ቁጥር ዓይኗ ወደ ደረጃው ይሄዳል።

ነርሷ ከሥራ የደረሰችው ሰዉ ሳሳ ሲል ነው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ፈገግ አለች። ጥቂት እንደሰማች ፈገግታው ጠፋ። ታሪኩ እስኪያልቅ ቆማ ሰማች፤ እንደገና ከመጀመሪያው ሲጀምርም ቆማ ሰማች። ከዚያ ወደ ታች ወረደች። ባለሙያዋ ተከተለቻት።

እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ነርሷ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ፉጨቱ ጫማውን የት ነበር የሚሰቅለው?»

«ማን?»

«ፉጨቱ። ወንድሜ።»

እማማ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ባለሙያዋን አዩ፤ መልሱን ፊቷ ላይ ፈለጉ። ባለሙያዋ አንገቷን ደፋች።

«ወንድም አለሽ እንዴ?» አሉ እማማ ቀስ ብለው፤ እንዳላወቁ እንዳይታወቅባቸው ያፈሩ ይመስላሉ።

ነርሷ ተነሣች። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብላ ባለሙያዋ ጠበቀች፤ ቢሆንላት ደስ ባላት። ነርሷ ግን፣ «አደራ ብዬሽ ነበር» ብቻ አለችና የእናቷን ትከሻ በነጠላ አለበሰች።

አደራ በላ የሚለውን ስድብ ባለሙያዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ስለ ሌላ ሰው ይመስላት ነበር። በማግሥቱ ሙዚየሙ ሳይከፈት ገብታ ድምፁን አጠፋች፣ ከመስኮቱ አጠገብ የተለጠፈውን መግለጫ ጽሑፍ ገነጠለች፣ ጫማውን ከሚስማሩ አወረደች። ኃላፊው ደርሰው፣ «አብደሻል? ሰው ጫማውን ሊያይ ነው የሚመጣው!» ሲሉ፣ «ያልነበረ ነገር ነው፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ከፈለጉ ያባርሩኝ» አለቻቸው። እንዲህ ማለቱ ያን ያህል አልከበዳትም። የከበዳት ደረጃውን መውረድ ነው።

እማማ ቁርሳቸውን ጨርሰዋል፤ ነርሷ ምድጃው ጋ ናት። ባለሙያዋ ከእማማ አጠገብ ቁጭ አለችና ጫማውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እማማ፣ ስለ ፉጨቴ ልንገርዎ መጣሁ። ልጅዎ ነው። እግሩ ያልበው ነበር። ‹እናቴ ካለች ይውጣ› ብሎ ጫማውን ውጭ ሰቀለው…» ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዝናቡን፣ ቿቅ ቿቁን፣ ሾርባውን፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ ሰዶ ማጥናቱን። ከራሳቸው አፍ የሰማችውን አንዲት ቃል ሳታጎድል መለሰችላቸው። እማማ እየሳቁ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ነርሷ እጇን ከሥራ አቆመች።

ሲያልቅ እማማ የባለሙያዋን እጅ መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ ልጄ። ሰው ይሳሳታል። እኔም አንዳንዴ ይጠፋብኛል። እሱ እኮ ተከራዩ ነው። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«ዋሽቼዎት ነው፣ እማማ። ልጁ የእርስዎ ነው።»

የእማማ ሳቅ ጠፋ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የሰው ልጅ አምጥተሽ የኔ ነው አትበይኝ። ነውር ነው። ያም ልጅ እናት ይኖረዋል። ብትሰማ ምን ትላለች?»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማማ መልሱን በእውነት ፈልገው ይጠብቃሉ።

«ትረግመኛለች» አለች ባለሙያዋ።

እማማ አሰቡበት።

«አይ» አሉ። «እናት ለዚህ አትራገምም። ስትፈልገው ትኖራለች እንጂ።»