የቀረችው ሃያ ደቂቃ

ፀጋው ውሸት አልተናገረም፤ ጡሩምባ ብቻ ነው ያስነፋው። ጠዋቱን ሙሉ ራሱን በዚህ ሲያጽናና ቆየ። ደባርቅ ላይ ግን ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው፤ ይህን የማያውቅ ቢኖር ቱሪስት ብቻ ነው።

ምን ያድርግ? የኮሌጁን የእግር ኳስ ቡድን እያሰለጠነ ሦስት ዓመት ሲለፋ፣ ተመልካቹ ከሜዳው ዳር የሚግጡ በጎች ነበሩ። ዲኑ ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገሩት። "ከዳባቶቹ ጋር ስትጫወቱ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሁለት መቶ ሰው ካልቆየ ቡድኑ ይፈርሳል።" ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ነፋስ ወሰደው። ስለዚህ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ባርናባስን ለምኖ አንድ ጊዜ ብቻ አስነፋው። ባርናባስ "በአራት ሰዓት ኳስ ሜዳ ኑ" ብሎ ለፍፏል። ጡሩምባ ያስደነገጠው ሰው ግን ቀሪውን መች ይሰማል? ጎረቤቱ ወደ ሄደበት ተከትሎ ሄደ።

በአራት ሰዓት ሜዳው ጢም አለ። ግማሹ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ አለምነህ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ፀጋው ፊት ቆሙ።

"ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም ጋሼ። ኳስ እንድታዩልን ብዬ ነው።"

"በለቅሶ ጡሩምባ?"

ፀጋው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ተቆጥተው ሊሄዱ ሲሉ ጨዋታው ተጀመረ፤ ልጆቹም ገና በሦስተኛው ደቂቃ ጎል አገቡ። ሕዝቡ ጮኸ። "እስቲ ይህን ጉድ ልየው" ብለው ጋሽ አለምነህ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተነሳ ሰው አልነበረም።

ሰባኛው ደቂቃ ላይ ከከተማው በኩል ጡሩምባ ተነፋ።

"ደግሞ ጀመረው" አለ አንዱ። ሕዝቡ ሳቀ። ፀጋው ግን ክው አለ። ባርናባስን የለመነው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ይኼኛው የእውነት ነው። ዲኑን አያቸው፤ ሰዓታቸውን ይመለከታሉ። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረችው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሳቁን መስማት ግን አቃተው። ሬሳ ያለበት ቤት ሰዎች ደጅ ደጁን እያዩ ሰው ሲጠፋባቸው ታየው፤ ያጠፋባቸው ደግሞ እሱ ነው።

የሜዳውን ድምፅ ማጉያ አነሳ።

"ይኼ የኔ አይደለም። የእውነት ሰው ሞቷል። ሂዱ።"

ሳቁ ቆመ። በአፍታ ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ዲኑም መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ያረፉት እማማ ሸጊቱ ነበሩ፤ መቃብር የሚቆፍርላቸው ወንድ ልጅ የላቸውም። ተጫዋቾቹ፣ ዳባቶቹም ጭምር፣ ከነማሊያቸው እየተፈራረቁ ቆፈሩ። ፀጋው አፈሩን ሲዝቅ ጋሽ አለምነህ ከጉድጓዱ አፋፍ ጠሩት።

"የቀረችው ሃያ ደቂቃ መቼ ነው?"

"ቡድኑ ፈርሷል ጋሼ። ዲኑ አይተው ሄደዋል።"

ሽማግሌው ማሊያቸው በአፈር የተለወሰባቸውን ልጆች አንድ በአንድ አዩ።

"ለዲንህ ንገርልኝ። እድሩ የሃያ ደቂቃ ኳስ ይቀረዋል፤ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሁላችንም እንመጣለን። ጡሩምባውን ግን እንዳትነካ። ሰዉን እኔው እጠራዋለሁ።"