የአቤቱታው ጸሐፊ

እዮኤል ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል አንጠልጥሎ ከሀሊሜ በር ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ራሷ ሀሊሜ አየችው።

«በርሲሳ! ምን ትዞራለህ? ግባ እንጂ!»

በርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ከሆሳዕና ተመድቦ ከአሰላ በላይ ባለችው በዚህች የገጠር ቀበሌ አማርኛ ማስተማር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው።

«እንኳን አላህ አስፈታዎት፣ አዴ ሀሊሜ» አለ በአካባቢው የአክብሮት አጠራር፣ ስኳሩን እያቀበላት። ዓይኗን ማየት ግን አልቻለም።

ሀሊሜ ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ቀን ቆይታ የተፈታችው ትናንት ነበር። የመንደሩን ምንጭ አንድ የጠጠር መፍጫ ድርጅት በቆርቆሮ ካጠረው ወዲህ ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ይጓዛሉ፤ የድንጋዩ አቧራ ደግሞ የደረሰው ገብስ ላይ ይተኛል። ሀሊሜ ቤት ለቤት ዞራ ሰዉን አስተባበረች። አቤት ባሉበት ሁሉ «እናየዋለን» እየተባሉ ሲመለሱ ለአዲስ አበባ ለመጻፍ ተስማሙ። አማርኛውን እዮኤል በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጻፈላቸው። አርባ ሰባት ሰው ፈረመ። እሱ ግን «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብሎ አልፈረመም፤ ማንም አልተቀየመውም።

ወረቀቱ ሳይላክ ተያዘ። ሀሊሜም አብራ ተያዘች።

ቤቱ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። ሀሊሜ የደረሰባትን እየሳቀች ታወራለች።

«ማን ጻፈልሽ አሉኝ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት አልኳቸው። እስክሪብቶ ሰጥተው በይ ጻፊ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» አለች ሱቅ ያላት ጎረቤቷ ፈናን።

«ሁለት መስመር አሰመርኩላቸዋ! እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ጠየቁኝ፣ እኔም ያንኑ መለስኩ።»

ሰዉ ሳቀ። እዮኤል ግን ፊደል ያልቆጠረች ሴት ለእሱ ስትል እንደ ልጅ መስመር ስታሰምር ታየው።

በመንደሩ የተከበሩት ሽማግሌ ኦቦ ኢዶሳ አልሳቁም። «የጠቆመብንን ሰው አውቀናል» አሉ። «ለሊሳ ነው። የድርጅቱ ዘበኛ ሌላ ማን ይሆናል? ሰላምታ ነፍገነዋል። ለገብሱም ደቦ የሚወጣለት የለም፤ ይኸው ከትናንት ጀምሮ ብቻውን እያጨደ ነው።»

«የእህቴ ልጅ ነው» አለች ሀሊሜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያደረገውም ቢሆን...»

«ለሊሳ አይደለም» አለ እዮኤል።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«እኔ ነኝ። አንዱን ቅጂ ማተሚያው ላይ ረስቼው ነበር። ርዕሰ መምህሩ አገኘውና ቢሮ ጠራኝ፤ አንድ የማላውቀው ሰውም አብሮት ነበር። ይሄ ከየት መጣ አሉኝ። አላውቅም ብል ይበቃ ነበር። ግን ፈራሁ። ሀሊሜ የምትባል ሴት ወረቀት ይዛ ስትዞር አይቻለሁ አልኩ።» ወደ ሀሊሜ ዞረ። «ስምዎን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ አዴ ሀሊሜ።»

ኦቦ ኢዶሳ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተከተሏቸው።

«ተቀመጡ» አለች ሀሊሜ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል። «የተሰበሰብነው ለምንጫችን ነው። ፈናን፣ አዲሱን ደብዳቤ አንቺ ጻፊው፤ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሽ የለ?»

«እኔስ?» አለ እዮኤል።

«አንተ ለሊሳ ጋ ሂድ» አለችው ሀሊሜ። በርሲሳ አላለችውም።

ለሊሳ ቁልቁለቱ ላይ ባለው ማሳው አጎንብሶ ያጭዳል። በዙሪያው ያሉት ማሳዎች ታጭደው አልቀዋል፤ የእሱ ገና ግማሽም አልደረሰ። እዮኤል አጠገቡ ቆሞ ሁሉንም ነገረው። ለሊሳ ማጨዱን አላቆመም።

«ሰው ባለበት ተናግረሃል?»

«ሁሉም ሰምተዋል።»

ለሊሳ ያጨደውን እፍኝ ክምሩ ላይ ጥሎ ቀና አለ። «ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። አባትሽ ሰው ሻጭ ነው ብለዋት። እዚያው አንተ ክፍል ውስጥ ነው የተባለችው። አልሰማህም?»

እዮኤል ሰምቶ ነበር። ልጆቹን ዝም በሉ ብሎ ወደ ሰሌዳው መዞሩ ትዝ አለው።

«ሰምቻለሁ» አለ።

ለሊሳ ትክ ብሎ አየው። የሚመታው መስሎት እዮኤል ባለበት ቆመ። ለሊሳ ግን አጎንብሶ ማጨዱን ቀጠለ።

«ላግዝህ?»

«ከማሳዬ ውጣልኝ።»

እዮኤል ወደ አስፋልቱ ወጣ። በስተቀኝ የተከራያት ቤት አለች፤ ነገ ርዕሰ መምህሩ ቢጠራው እንኳ እስካሁን በየትኛውም ወረቀት ላይ ስሙ የለም። ጥቂት ቆመና በግራ በኩል ያለውን የሀሊሜን መንገድ ያዘ።

ሲደርስ ፈናን ጽፋ ጨርሳ በተራ ታስፈርማለች። ኦቦ ኢዶሳ አልሄዱም ነበር፤ አይተውት ፊታቸውን አዞሩ። ቦታ የሰጠውም፣ ውጣ ያለውም የለም። ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ተራው ሲደርስ ፈናን ሀሊሜን አየቻት። ሀሊሜ አልከለከለቻትም። ፈናን ስሙን እስከ አያቱ ጻፈችና እስክሪብቶውን እንዳነሣች ቆየች።

«ሥራ የሚለው ላይ ገበሬ ልበልህ? ከሁሉም ጋር ይመሳሰላል።»

«አይ፣ መምህር በይ» አላት። «የትምህርት ቤቱንም ስም ጻፊ።»