ከመቅደላ በፊት

አባተ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ መካነ ሰላም ከተቀመጠ ወዲህ ጉልበቱ ዳገት እምቢ ብሎታል። ስለዚህ ጎረቤቱ ረመዳን፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው፣ ከዱባይ ያስመጣውን የብረት መፈለጊያ ተሸክሞ ሲመጣ ብዙም ደስ አላለው።

«ጋሼ፣ መቅደላ ሥር የተቀበረ ወርቅ አለ ሲባል አልሰሙም?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው የኖርኩት። አግኝቶ የበላ ሰው ግን አላየሁም። ደግሞስ ቅርስ ነካችሁ ብለው ቢያስሩን?»

«ፈቃድ እናወጣለን። መጀመሪያ ግን መሣሪያውን እንልመደው።»

እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋልና አባተ እሺ አለ።

ልምምዱን ገብሱ ከታጨደበት ከአባተ ማሳ ላይ ጀመሩ። ረመዳን ሚስማር፣ ቆርኪና አንድ የብር ቀለበት እዚህም እዚያም ቀበረና ማዳመጫውን አባተ ጆሮ ላይ አደረገለት።

«ዝቅ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት። ካጉረመረመ ብረት ነው። ቀጠን ብሎ ከጮኸ ብር ወይም ወርቅ ሊሆን ይችላል።»

አባተ ግን እንደሚያጭድ ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብድግ ያደርገዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። «አያንሡት ጋሼ!» ይላል ረመዳን። ክንዱ ዛለ፣ ወገቡን ቆረጠመው። በመጨረሻ ቀጭን ድምፅ ሰማ። ረመዳን እየሮጠ መጥቶ ቆፈረ። የወጣው የጥይት ቀለህ ነበር። ቀጥሎም ቀለህ። ከዚያም ቀለህ። ጦርነቱ በዚህ ማሳ ሲያልፍ ዘርቶት የሄደ ነው፤ ናስ ስለሆነ ደግሞ ጩኸቱ ከብር አይለይም። ሳምንቱን ሙሉ ደክመው ያጠራቀሙት አንድ ጣሳ ቀለህ ብቻ ሆነ። የገዛ ቀለበታቸውን እንኳ ያገኙት በስንት መከራ ነው።

ታች ሰፈር የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ እናኑ ከገበያ ስትመለስ ታያቸው ነበር። አንድ ቀን ዘንቢሏን አስቀምጣ ጠጋ አለች።

«አያ አባተ፣ ይኸ ነገር የተቀበረ ብረት ያገኛል አሉ። እውነት ነው?»

«ቀለህ ያገኛል» አላት አባተ።

አልሳቀችም። «በጦርነቱ ስንሸሽ የስፌት መኪናዬን ከግቢዬ ጽድ ዛፍ ሥር ቀብሬው ነበር። ስመለስ ቤቱ ፈርሷል። ጽዱም ሥሩ ሳይቀር ተነቅሎ ለማገዶ ሄዷል። ቦታው ጠፋኝ። ቆፍሬ ቆፍሬ እጄ አለቀ።»

ተከትለዋት ወረዱ። ግቢዋ በጉድጓድ ተበሳስቷል፤ እግር የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ረመዳን መሣሪያውን ሊይዝ ሲል አባተ «ግዴለም፣ እኔ ልያዘው» አለ። በጉድጓዶቹ መሐል ቀስ እያለ፣ ከመሬት ሳያነሣ፣ ከወዲያ ወዲህ አወዛወዘ። ጉልበቱ ሲያመው ቆም ይላል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅ ስትል አጥሩ ሥር ጆሮውን የሞላ ሰፊ ጩኸት ሰማ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ አሁንም አለ።

«እዚህ ጋ» አለ።

እናኑ ዶማውን ለማንም አልሰጠችም። ራሷ ቆፈረች። መጀመሪያ የበሰበሰ ጆንያ፣ ከዚያ መኪናው ወጣ። ዝገት በልቶት ቀይ አፈር መስሏል። ረመዳን ከሱቁ ዘይት አስመጥቶ አፈሰሰበት፤ ሽክርክሪቱ ወይ ፍንክች!

«ናፍጣ ውስጥ ቢያድር ኢንሻአላህ…» አለ ረመዳን።

«አይሆንም፤ አውቀዋለሁ። ውስጡ አልቋል።» በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ስትጠርግለት ቆየች።

አባተን አሳዘነችው። «ምነው ባላገኘነው ኖሮ» አላት።

«እንዴት እንዲህ ይባላል! በሕልሜ እንኳ ስቆፍር ነበር የማድረው። ከእንግዲህ አልቆፍርም። ይኸም እረፍት ነው።»

ዳገቱን ሲወጡ ረመዳን «አሁንማ ለመዱት ጋሼ፤ ፈቃዱን አውጥተን የፊታችን ቅዳሜ መቅደላ ነን» አለ። አባተ ትንፋሽ አጥሮት ቆመና ዞሮ ታች የእናኑን ግቢ አየ።

በማግስቱ ረመዳን ሚኒባስ ሊያነጋግር መናኸሪያ ሲሄድ፣ አባተ አካፋውን ይዞ ወደ እናኑ ግቢ ወረደ። ጉድጓዶቹን መድፈን ጀመረ። እሷም ተከትላ በእግሯ አፈሩን ትረጋግጥለት ጀመር። ጉድጓዶቹ ብዙ ስለነበሩ ጀምበር እስክትጠልቅ አላለቁም።