የአቶ ጉደታ የውጭ ጉዳይ

አዳማ በተካሄደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውይይት ላይ እንደ አቶ ጉደታ የጮኸ ሰው አልነበረም። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ጥያቄው «ክልሎች ከውጭ አገር ጋር በራሳቸው ይዋዋሉ ወይስ አይዋዋሉ?» የሚል ነበር።

«አገር የምትናገረው በአንድ አፍ ነው!» አሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ዛሬ ክልል ከፈቀድን ነገ ቀበሌ ኤምባሲ ይከፍታል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ክልሉ ለገበሬው ገበያ ቢፈልግለት ምን አለበት?» አለች ቶይባ። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ጅዳ ለዓመታት ሠርታ ነው የተመለሰችው።

«ገበያውንም ቢሆን መንግሥት ይፈልጋል!»

በዚህ መሃል ውይይቱን ሊታዘቡ የተጋበዙ ቱኒዚያዊ የሕግ ፕሮፌሰር ገቡ። ሊቀበሏቸው የተመደቡት ባለሥልጣን ግን ከአዲስ አበባ ሲመጡ መኪናቸው ሞጆ ላይ ተበላሽቶባቸዋል። አቶ ጉደታ ብድግ አሉና፣ «ባለሥልጣኑ እስኪደርሱ እንግዳውን ማንም እንዳያናግር!» ሲሉ አስጠነቀቁ።

እንግዳው ጥግ ይዘው ብቻቸውን ተቀመጡ። ቶይባ አላስቻላትም። ለሻይ ሲወጣ ውሃ ይዛላቸው ሄደችና በአረብኛ ሰላም አለቻቸው። ሰውየው ፊታቸው በራ።

ወዲያው አቶ ጉደታ መጡ። ሊቆጧት መስሏት ቀና አለች። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቶይባ ልጄ፣ ቶሌራ የሚባል ልጅ አለኝ። ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ወጥቶ፣ መጨረሻ የደወለልኝ ከቱኒዚያ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እስቲ ጠይቂልኝ» አሏት።

ጠየቀችላቸው። እንግዳው የልጁን ስምና ፎቶ ተቀብለው፣ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት የምትሠራ እህት እንዳለቻቸው ነገሯት። አቶ ጉደታ የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ አመሰገኑ፤ ሰውየው ኦሮምኛ እንደማይሰሙም ረሱት።

ባለሥልጣኑ ከምሳ በኋላ ደረሱ። ገና ከመግባታቸው፣ «እንግዳችንን ያናገረ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ቶይባ አቶ ጉደታን አየች። አቶ ጉደታ ጣሪያውን አዩ። ከጠዋት ጀምሮ በአንድም ነገር ያልተስማማው ሰው ሁሉ ተባብሮ «የለም!» አለ።

ድምፅ ሲሰጥ አቶ ጉደታ የውጭ ግንኙነት ለማዕከላዊው መንግሥት ብቻ ይተው ብለው እጃቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ እንዴት አስቻለዎት?» አለች ቶይባ በሹክሹክታ።

«የተጠየቅነው ስለ አገር ነው፤ ስለ ልጅ ማን ጠየቀን?»

ቶሌራ ሐምሌ ላይ ደወለ። እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል፤ ያገኘችውም የፕሮፌሰሩ እህት ናት። አቶ ጉደታ ይህን ሊነግሩ ቶይባ ሱቅ ሄደው እንባቸው አላቆም አላቸው። ጨርቅ የምትመርጥ አንዲት ሴት ደንግጣ፣ «ምን ሆኑ አባቴ?» ስትላቸው፣ «ጉንፋን ነው» አሏት።