በጉተማ ደጅ የሚያልፈው መንገድ

ካርታውን የሳልኩት ለማንም አልነበረም። ሲ.ኤም.ሲ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት በሩ ወደ ተራራው ስለሚያይ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት የማየው እሱን ነው። ካየሁት አይቀር ብዬ፣ ማሽኑ አበላሽቶ በተፋው ወረቀት ጀርባ ላይ መንገድ አወጣሁለት። ከላምበረት በላይ ይነሳል፣ ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ጫፍ ጫፉን ወደ እንጦጦ በኩል ይዞ ይሄድና በሌላ አቅጣጫ ዞሮ የተነሳበት ቦታ ይመለሳል። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ የአምስት ሰዓት መንገድ። ግማሹን ከስልኬ ላይ አይቼ ነው የሳልኩት፤ ግማሹን እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል ብዬ።

ሰኞ ዕለት ሲፈን የቢሮዋን ደብዳቤ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ አየችው።

«ማነው የሳለው?»

«እኔ።»

«ሄደህበት ታውቃለህ?»

«ስንቴ!» አልኩ።

ሲፈን ስምንት ወር ሙሉ ደንበኛችን ስትሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ «በሁለቱም ገጽ ይሁን?» ከማለት ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አሁን ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደገፈች።

«ከቢሮ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። ሃይኪንግ እንሂድ፣ ሃይኪንግ እንሂድ እንላለን፣ የሚመራን ጠፍቶ ነው። እኔ ደግሞ በሄድኩበት መንገድ መመለስ አልወድም።»

«ይሄ ዙሪያ ነው።»

«በቃ፣ ለእሑድ ትመራናለህ።»

ስለዚህ እስከ እሑድ ድረስ ያንን መንገድ ስንቴ የሄደበት ሰው መሆን ነበረብኝ።

ብቻዬን ልሂድ እንዳልል ራሴን አውቀዋለሁ። ታክሲ ውስጥ እንኳ በሐሳብ ስሄድ ከመውረጃዬ የማልፍ ሰው ነኝ። አከራዬን ጋሽ ዱሬሳን መንገዱን አብረውኝ ሄደው እንዲያሳዩኝ ለመንኩ። ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ገበሬ ነበሩ፤ ተወልደው ያደጉትም እዚያው ተራራ ሥር ነው። ረቡዕ ማታ ስገባ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ካርታውን ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት። በአንድ በኩል የማላውቀው ሕፃን የልደት ሰርተፍኬት ግማሹ አለ። እሱን አንብበው ጨርሰው ወደ ተራራው ዞሩ።

«ሰው የለውም» አሉ።

«ምኑ?»

«ካርታህ። ዛፍ አለ፣ ገደል አለ፣ ሰው የለም። ይሄ መስመር በማን ደጅ ነው የሚያልፈው?»

«በማንም ደጅ አያልፍም፣ ጋሼ። ከቤቶቹ ኋላ ነው።»

«ከኋላ የሚያልፍ ሌባ ነው!» እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ መዘው መስመሩን በየደጁ ያዞሩት ጀመር። «ይሄ የበዳዳ ነው፣ የአክስቴ ልጅ። ሳልገባ ባልፍ አክስቴ ከመቃብር ትነሳለች። ይሄ የዳርቱ ነው። ባሏ ሞቶ ለቅሶ አልደረስኳትም፣ እዚህ መቀመጥ አለብን።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ለቅሶ በደቂቃ ነው እንዴ የሚቀመጡት፣ አንተ ልጅ?»

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቤት ገባ። የአምስት ሰዓቱ መንገድ አሥር ሰዓት ሆነ። ይሁን፣ መዞሩ ካልቀረ ብዬ ራሴን ሳጽናና፣ ቀለበቱ ሊገጥም አንድ ጣት ሲቀረው እስክሪብቶው ቀጥ አለ።

«ከዚህ እንመለሳለን» አሉ ጋሽ ዱሬሳ።

«በመጣንበት?»

«በመጣንበት።»

«ጋሼ፣ አይሆንም! ዙሪያ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። እዚህ ጋ ምን አለ?»

«ጉተማ።»

«በጀርባው ብንሄድስ፣ ለአንድ ቀን ሌባ ሆነን?»

«በጀርባው ገደል ነው።»

ካርታዬን አየሁት። ሜዳ አድርጌዋለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ቢፍቱ ከቤት ብቅ አሉ። «የልጅነት ጓደኛው ነው» አሉኝ። «አንድ ቀን በደጁ ሲያልፍ ሳይገባ ቀረ። ጉተማ ደግሞ አጥሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። ይኸው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም።»

«ቸኩዬ ነበር!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዱሬሳ።

«ምን አስቸኮለህ? ኳስ ልታይ አይደል?»

ጋሽ ዱሬሳ የሕፃኑን ሰርተፍኬት እንደገና ማንበብ ጀመሩ።

የፈረዱት እትዬ ቢፍቱ ናቸው። አሥራ አንዱ ቤት ለእሑድ ይቆይ፣ ቅዳሜ ጉተማ ዘንድ ሄዳችሁ ይሄን ነገር ጨርሱ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዱሬሳ ኮታቸውን ለብሰው ወጣን። አቀበቱ ላይ በየሃያው እርምጃ ጎንበስ እያሉ የጫማቸውን ክር ያጠብቃሉ። ጫማቸው ክር የለውም።

አቶ ጉተማን አጥር ሲጠግኑ አገኘናቸው። ቀና ብለው አዩን፤ ሚስማሩን ከአፋቸው አላወጡም።

«አካም ጅርታ፣ ጉተማ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉ ጋሽ ዱሬሳ።

ሚስማሩ ወጣ። «ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?»

«አለ።»

«አለ?»

«አለ። ትቼው መጣሁ።»

አቶ ጉተማ መዶሻቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ይሄስ ልጅ?»

«ተከራዬ ነው። ነገ ሰዎች ይዞ ተራራውን ሊዞር ነው።»

«ምን ጠፍቶበት?»

«ምንም አልጠፋኝም» አልኩ። «እንዲሁ ለመዞር ነው።»

«ዞራችሁ የት ትደርሳላችሁ?»

«የተነሳንበት።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። በሰባት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር እኔ ነኝ፤ አንድ ላይ አዘኑልኝ።

«ግቡ» አሉ አቶ ጉተማ። «ልጁ አንድ ነገር ይቅመስ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። አሥር ሰዓት ላይ እዚያው ነበርን። በሰባት ዓመት ውስጥ የሞተው፣ የተዳረው፣ የተሸጠው በሬ ሁሉ በየተራ ተነሳ። እኔ ልነሳ ባልኩ ቁጥር ዳቦ ይጨመርልኛል። በመጨረሻ አቶ ጉተማ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ነገ እንግዶችህን ይዘህ ሳትገባ ብታልፍ፣ እኔ አኩርፌ መቆየት አያቅተኝም። ዱሬሳን ጠይቀው።»

መንገዱ ገጠመ። እኔ ግን ከአንድ ቤት በቀር ምኑንም አላየሁትም፤ ለእሑድ የቀረኝ ደግሞ አንድ ሌሊት ነው። ደጅ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሲፈን፣ ስንቴ ሄጄበታለሁ ያልኩሽ መንገድ… አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም።»

«ከሰኞ ጀምሮ እየዋሸኸኝ ነው?»

«የዋሸሁት ሰኞ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሽኝም።»

«ስለዚህ የነገው ቀረ?»

«አልቀረም። ዙሪያውም አለ፤ መንገዱን የሚያውቁት አከራዬ ጋሽ ዱሬሳ አብረውን ይመጣሉ። ግን አሥራ ሁለት ቤት ገብተን መብላት አለብን። አንዱ ቤት ለቅሶ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተነሳን ሳይመሽ አንጨርስም።»

ስልኩን አርቃ ከሰዎች ጋር ስታወራ ይሰማኛል። መሳቅ ይሁን መቆጣት አልለየሁም። ቆይታ ተመለሰች።

«ከሦስቱ ጓደኞቼ አካሉ እኔ ለሃይኪንግ እንጂ ለለቅሶ አልተመዘገብኩም ብሎ ቀርቷል። ሚሊዮን ምን ምን ይቀርባል እያለ ነው፣ እሱ አይቀርም። አፀደ ነጠላ ልያዝ ወይ ትላለች።»

«ትያዝ።»

«አንተ ግን አትመራንም።»

ክፉኛ ደነገጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከፊት ከፊት ስሄድ ነበር ራሴን የማየው። «እሺ» አልኩ።

«ጋሽ ዱሬሳ ይምሩን። አንተ ከእኔ ጋር ከኋላ ትሄዳለህ፣ ቀኑን ሙሉ። ውሸት ስትጀምር በቅርብ ልስማህ።»

ተሽሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።