የኤልጂን ታንኳ አፉን የከፈተበት ጠዋት

ድንጋዮቹ ገና ጎህ ሳይቀድ እሳት ውስጥ ገብተዋል። እሳቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እንጨት መቅረጽ አልችልም፣ ዘፈንም አላወጣም፤ እሳት ግን በእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ዝናቡ አባርቶ ሰላጤው ላይ ጉም ብቻ ቀርቶ ነበር። የኤልጂን ታንኳም ከባሕሩ ዳር በወፍራም ግንዶች ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል።

ታንኳ አልኩት እንጂ ገና ታንኳ አልሆነም። ጎኖቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ሆዱ የጠበበ ረጅም ገንዳ ነበር። ኤልጂን ሁለት ክረምት ሙሉ ከአንድ ቀይ ዝግባ ግንድ ሲጠርበው፣ ሲፍቀው፣ ውፍረቱን በጣቱ ሲለካው ኖሯል። የዚያን ጠዋት ሆዱ በውሃ ይሞላል፣ የጋለ ድንጋይ ይጨመርበታል፣ ይሸፈናል። እንጨቱ በእንፋሎት ሲለሰልስ ጎኖቹ ወደ ውጭ ይለቃሉ። ከለቀቁ ታንኳ ነው። ከተሰነጠቁ ማገዶ ነው። መሃል የለውም። በሐምሌ ወደ ሰሜን ዘመዶቻችን ዘንድ ቀዝፈን እንደምንሄድ ኤልጂን ቃል ስለሰጠ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ መቅዘፊያውን ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

ሰዉ ተሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ የተጨሰ የሳልሞን ዓሣና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ተደርድሯል። ሜቪስ፣ የኤልጂን ሚስት፣ በታንኳው አፍንጫ በኩል ቆማለች። ኦጋስታ፣ የኤልጂን ታላቅ እኅት፣ በጭራው በኩል። እነዚህ ሁለት ሴቶች ቤታቸው ጎን ለጎን ነው፤ ልብስ የሚያሰጡትም በአንድ አጥር ላይ ነው። ከተኳረፉ ግን ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

የመጀመሪያውን ድንጋይ በረጅሙ ጉጠት አነሣሁ።

«መልሰው» አለ አጎት ሳይላስ።

አጎት ሳይላስ የኤልጂን የእናቱ ወንድም ነው። ጆሮው ደክሟል፣ ጉልበቱ ደክሟል፣ ሥርዓቱን ግን አልዘነጋም።

«አጎቴ፣ ድንጋዩ እኮ ቀልቷል» አለ ኤልጂን።

«ይቅላ። የተኳረፈ ሰው አጠገቡ ቆሞ ታንኳ አይከፈትም። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። አያቴም።»

«ብዙ ከቆየ ድንጋዩ ይፈነዳል።»

«ታንኳው ከሚፈነዳ ድንጋዩ ይፈንዳ። ሴቶቹን ጥራልኝ።»

«እኔ ልጥራቸው?»

«ታዲያ ያገባሁት እኔ ነኝ?»

ሰዉ ሳቀ። ኤልጂን አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ እኅቱን አየ። በጭንቅ ውሃ አጠጡኝ ሊል ነው ብዬ ነበር። እነሱ ግን ሳይጠሩ መጡ።

«አጎቴ፣ እኔ ምንም አላልኩም» አለች ሜቪስ። «ያቺ ሴትዮ ናት…»

«ያቺ ሴትዮ ስም አላት» አለች ኦጋስታ።

ጠቡ የልጥ ጠብ ነው። በበጋው መግቢያ፣ የዝግባው ውሃ በግንዱ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሴቶቹ ሰሌን የሚታታበትን ልጥ ሊልጡ ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። መዳፍን ዛፉ ላይ አሳርፎ ማመስገን፣ ልጡ ለምን እንደሚፈለግ መንገር፣ ከዚያ ከሥሩ ሁለት መዳፍ ያህል ስፋት ቆርጦ ወደ ኋላ እየሄዱ መሳብ ነው። ልጡ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ ሲያልቅ ራሱ ይወድቃል። አንድ ዛፍ አንዴ ብቻ ይላጣል፤ ሁለቴ ከተላጠ ይሞታል። ስለዚህ ቢላዋ ከመንካት በፊት ዛፉን ዞሮ ጀርባውን ማየት ግድ ነው። ኦጋስታ በተኳረፉበት ዓመት ከአንድ ዛፍ ያማረ ልጥ ላጠች። በጀርባው በኩል፣ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ ከግንዱ የማይለይ፣ የሜቪስ አያት ድሮ የላጠችበት ጠባሳ ነበር። ሜቪስ ይህን ስትሰማ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «የአያቴን ዛፍ ገደለችው!» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «እትዬ ኦጋስታ» ቀርቶ «ያቺ ሴትዮ» ሆነች።

«ኦጋስታ» አለ አጎት ሳይላስ፣ «ዞረሽ አይተሽ ነበር?»

ኦጋስታ ወደ ኮረብታው አየች። እኔ እሳቱን ቆሰቆስኩ። በልቤም፣ ጌታ ሆይ፣ አጭር ቃል ስጣት፣ ረጅም አያስፈልግም አልኩ።

«አልዞርኩም።»

«እ?»

«አልዞርኩም አልኩ!» ጮኸች። «እንዴት ያለ ቀጥ ያለ ዛፍ ነበር፣ ቅርንጫፍ የለው፣ እንደ ሻማ! ዓይኔ ከፊቱ አልነቀል አለኝ። አመሰገንኩት፣ ነገርኩት፣ ግን አልዞርኩም። ጥፋቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየወጣሁ አናቱን አያለሁ። አረንጓዴ ነው። አልሞተም፣ ሜቪስ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አለመሞቱን። እኔም እወጣለሁ። የቦቲሽን ዱካ ጭቃው ላይ አይቼዋለሁ፤ ግራ እግርሽን ትጎትቻለሽ።»

«ዱካዬን እያወቅሽ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የዘጋሽኝ?»

«አንቺስ? እንደ አጋዘን ተደብቀሽ ስትወጪ ስትወርጂ! በሬን ብታንኳኪ ምን ነበረበት?»

«በሰው ፊት ገዳይ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«ብያለሁ። በሰው ፊት ካልኩት በሰው ፊት ልመልሰው።» ሜቪስ ወደ ሰዉ ዞረች። «አልገደለችውም! ሰማችሁ? ዛፉ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነው!»

ኤልጂን ፈራ ተባ እያለ፣ «እንግዲህ… ታረቃችሁ?» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ታርቀዋል» አለ አጎት ሳይላስ። «ድንጋዩን ጨምሩ።»

ጨመርን። ውሃው ጮኸ፣ ተንተከተከ፣ ነጭ እንፋሎት ሽቅብ ተነሣ። ከቶፊኖ ከተማ በጀልባ የመጣውን የላስቲክ ሸራ ከአፍንጫ እስከ ጭራ አለበስነው። እየከፈትን ድንጋይ እንጨምራለን፣ መልሰን እንሸፍናለን። ጥሩ እየሄደ ሳለ አንዱ የጋለ ድንጋይ ከጉጠቴ አመለጠና ሸራው ላይ ወደቀ። ሸራው ቀለጠ። መሃሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተና እንፋሎቱ በዚያ ይወጣ ጀመር።

ኤልጂን ፊቱ ነጣ። ጫፎቹ ለስልሰው ወገቡ ከቀዘቀዘ ታንኳው እዚያው ወገቡ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። «ሰሌን! የሚሸፍን ሰሌን ያለው የለም?» አለ። አንዱ ኮቱን፣ አንዷ ብርድ ልብሷን ጣለች፤ እንፋሎቱ በጎንና በጎን ማምለጡን አልተወም።

ኦጋስታ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ የተጠቀለለ የዝግባ ልጥ ሰሌን ታቅፋ ነበር፤ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ማር የመሰለ አዲስ ሰሌን። ሜቪስ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ከዚያ ዛፍ ነው» አለች። «ታትቼ ጨረስኩት፣ ለመዘርጋት ግን ዐፈርኩ።»

ሜቪስ መዳፏን ሰሌኑ ላይ አሳረፈች። ልክ ዛፍ ላይ እንደሚያሳርፉት ነው ያሳረፈችው።

«ጥሩ ታትተሽዋል» አለች። «ጠርዙ ግን ጠሟል።»

«የቱ ጋ ነው የጠመመው?»

«እንፋሎቱ እያለቀ ነው እኮ! በዚያ ጫፍ ያዢልኝ እንጂ፣ እትዬ።»

እትዬ። ኦጋስታ ጫፉን ያዘች። ሁለቱ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሰሌኑን በታንኳው ወገብ ላይ ዘረጉት። እንፋሎቱ ታፈነ፣ የዝግባ ሽታም መንደሩን ሞላው።

ከዚያ እንጨቱ ማቃሰት ጀመረ። ጎኖቹ በቀስታ፣ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው፣ ይንጠራሩ ጀመር። ኤልጂን እያጎነበሰ መወጠሪያ እንጨቶቹን በመካከል ያስገባል፣ አውጥቶ የሚረዝመውን ይተካል። ሆዱ ሰፋ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ። ማንም አይተነፍስም።

«ቋ!»

ኤልጂን ባለበት ደረቀ። እኔ ጉጠቱን ጣልኩ።

«ጉልበቴ ነው» አለ አጎት ሳይላስ። «ልቀመጥ ብዬ ነው። ምን ሆናችሁ?»

ባሕሩ እስኪሰማ ሳቅን። ኤልጂን ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረበት፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አንዲት ሴት ዘፈኑን አነሣች፣ ሌላው ተቀበለ። ታንኳው በመካከላችን ተከፍቶ ተኝቷል፣ አንድ ስንጥቅ ሳይኖርበት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

የታንኳው ውሃ ተቀድቶ ሲያልቅ ኦጋስታ እርጥቡን ሰሌን አጥፋ ለሜቪስ ዘረጋችላት።

«ውሰጂው። የአያትሽ ዛፍ ነው።»

«ቤት ወስጄ ምን ላድርገው? በሐምሌ ታንኳው ውስጥ እንዘረጋዋለን፣ ከፊት እንቀመጥበታለን። ለሁለት ይበቃል።»

«ለሁለት?» ኦጋስታ የወንድሟን ሚስት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «መቀመጫሽን ለክተሻል?»

«አልለካሁም» አለች ሜቪስ። «አንቺ ዞረሽ እይልኝ፤ አሁንማ መዞሩን ተምረሻል።»

ኦጋስታ ቀድማ ሳቀች። እኔ እሳቱን በባሕር ውሃ ሳጠፋም፣ እየተደጋገፉ ሰሌኑን አጥራቸው ላይ ሲያሰጡም፣ ሳቁ ገና አልበረደላቸውም ነበር።